ሁለተኛ ሰው ይላክ ወይስ አይላክ? የታላላቅ ሴንተሮች ፕሌይኦፍ ሲመዘን

እንደምን አመሻችሁ።

በመደበኛው የውድድር ዘመን አንድ የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ቡድን 82 ጨዋታ ያደርጋል። ዛሬ ማታ ቺካጎ ነው፣ ነገ ሚልዋኪ፤ አሰልጣኙ ለአንድ ተጋጣሚ ብቻ ብሎ የሚያሰናዳው ነገር ውስን ነው። ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ ሲደርስ ግን ያው ተጋጣሚ በሁለት ሳምንት ውስጥ እስከ ሰባት ጊዜ ይመላለሳል። ያ ቡድን ታላቅ ሴንተር፣ ማለትም ከሪንጉ (ከቅርጫቱ) ሥር የሚጫወት ረጅም ሰው፣ ካለው፣ አሰልጣኙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው አንድ ጉዳይ ነው፦ ይህን ሰውዬ በአንድ ተከላካይ እንያዘው ወይስ ሁለተኛ ሰው እንላክበት? በአንድ ከተያዘ ነጥብ ያዘንባል። ሁለተኛ ሰው ከሄደበት ደግሞ ከአጥቂዎቹ አንዱ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ዛሬ ታላላቆቹን ሴንተሮች የምናነጻጽረው በዚህች ጥያቄ ነው። ማን ስንት አገባ የሚለውን አንተወውም፤ ነገር ግን ነጥቡ የመጣው ተጋጣሚው ፈቅዶ ነው ወይስ እየከለከለ ነው የሚለው ይቀድማል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እናጽዳ፤ ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የቦስተኑ ቢል ራስል በ1962 ፕሌይኦፍ በጨዋታ በአማካይ 26.4 ሪባውንድ (ተስቶ የተለቀመ ኳስ) ወሰደ። የሌከርሱ ሻኪል ኦኒል (ሻክ) በ2000 የወሰደው 15.4 ነው። ሲታይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ይመስላል። ግን በ1962 አንድ ቡድን በጨዋታ ከ107 ጊዜ በላይ ይወረውር ነበር፤ ከመቶ የሚገባውም 43 ያህሉ ብቻ ነበር። በ2000 ውርወራው ወደ 82 ወርዷል፣ የሚገባውም ወደ 45 ከመቶ ተጠግቷል። የሚሳት ኳስ ሲያንስ የሚለቀም ኳስም ያንሳል። በ1962 አንድ ቡድን በአማካይ 71 ገደማ ሪባውንድ ነበረው፣ በ2000 ግን 43። የሁለቱን ቡድኖች ደምሩና አካፍሉ፦ ራስል ከ142 ውስጥ 26.4፣ ማለትም 18.6 ከመቶ፤ ሻክ ከ86 ውስጥ 15.4፣ ማለትም 17.9 ከመቶ። የመደበኛውን ዘመን አማካይ ስለተጠቀምን ስሌቱ ግምት ነው። ቢሆንም ራስል በዚያ ፕሌይኦፍ በአማካይ 48 ደቂቃ፣ ሻክ ደግሞ 43.5 ደቂቃ መጫወታቸውን ስትጨምሩበት ልዩነቱ ይጠፋል። ሁለቱም ሜዳ ላይ በነበሩበት ጊዜ ከአምስት ኳስ አንዱን ገደማ ለቅመዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብሎክ፣ ማለትም የተወረወረን ኳስ መትቶ ማገድ፣ መቆጠር የጀመረው በ1973–74 ነው። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ የራስልና የዊልት ቻምበርሊን የብሎክ ቦታ ባዶ የሆነው ስላልመቱ ሳይሆን የቆጠረላቸው ስላልነበረ ነው። የዘመን ሁሉ አማካይም ያሳስታል፦ ካሪም አብዱል ጃባር እስከ 42 ዓመቱ ድረስ ስለተጫወተ የመጨረሻዎቹ ዓመታት የ237 ፕሌይኦፍ ጨዋታዎቹን አማካይ ወደ 24.3 ነጥብ ጎትተውታል። በዚያ ላይ የተጋጣሚዎቹ ጥራት አለ። እስከ 1965 ድረስ ቦስተን ምድቡን እየመራ ስለሚጨርስ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት ያልፍ ነበር፤ ስለዚህ የራስል ቁጥር ደካማ ቡድን ላይ የተለቀመ የለበትም ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ዋንጫ ለማንሳት አራት ዙር ማለፍ ግድ ነው።

አሁን ወደ ራስልና ዊልት።

ራስል በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ አነሣ። ሰባተኛ፣ ማለትም ወሳኝ የሆነው የመጨረሻ ጨዋታ፣ አሥር ጊዜ ገጥሞት አሥሩንም አሸነፈ። በ1962 ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ የሎስ አንጀለሱን ሌከርስን በተጨማሪ ሰዓት 110 ለ107 ሲረቱ 30 ነጥብና 40 ሪባውንድ ነበረው። ነገር ግን ራስል በማጥቃት ላይ ሁለተኛ ሰው የሚላክበት ተጫዋች አልነበረም፤ በፕሌይኦፍ አማካዩ 16.2 ነጥብ ነው። የእሱ ትልቅነት የዛሬውን ጥያቄ ይገለብጠዋል። ራስል ያለው አሰልጣኝ ሁለተኛ ሰው መላክ አያስፈልገውም። የሌላውን ቡድን ትልቅ ሴንተር እሱ ብቻውን ይይዛል፤ የቀሩት አራቱ እያንዳንዳቸው ከሰዋቸው ጋር ይቆያሉ።

ይህ በዊልት ላይ ምን እንዳደረገ እዩ። ዊልት በ1961–62 መደበኛ ዘመን በጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ 35.0 ሆነ፤ ከ12ቱ ጨዋታዎች ሰባቱ ከቦስተን ጋር ነበሩ። ራስል ኳሱን ሊነጥቀው ወይም ውርወራውን ሁሉ ሊመታበት አይሞክርም ነበር። ሥራውን የሚጀምረው ኳሱ ሳይመጣ ነው፤ ዊልት ከሪንጉ በስተግራ የሚወዳትን ቦታ እንዳይዝ በክንዱና በዳሌው አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከዚያ የሚቀረው ወደ ኋላ እየሸሸ የሚወረውራት ኳስ ናት። ያቺ ውርወራ ትገባለች፤ ዊልት ጎበዝ ነበር። ግን ወደ ኋላ የሚሸሽ ሰው ፋውል (ጥፋት) አይሠራበትም፣ የራሱን የሳተ ኳስም አይለቅምም። ስለዚህ 35 ነጥብ እያገባም የሪንጉ ሥር ባዶ ይቀራል። ራስል ብሎክ ሲያደርግ ደግሞ ኳሱን ተመልካቹ መሐል አይወረውረውም፤ ወደ ጓደኛው ይነካውና ቦስተን በፈጣን ሩጫ ሄዶ ያገባል። አንድ ብሎክ የአራት ነጥብ ልዩነት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን «ዊልት በቁርጥ ቀን ይከዳል» የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ሁለቱ በፕሌይኦፍ ስምንት ጊዜ ተገናኝተው ራስል ሰባቱን አሸንፏል፤ እውነት ነው። ከእነዚህ አራቱ እስከ ሰባተኛ ጨዋታ ደርሰዋል፦ በ1962 109 ለ107፣ በ1965 110 ለ109፣ በ1968 100 ለ96፣ በ1969 108 ለ106። የአራቱ ልዩነት ሲደመር ዘጠኝ ነጥብ ነው። በ1965ቱ ጨዋታ ዊልት 30 ነጥብና 32 ሪባውንድ ነበረው፤ የተሸነፉት ጆን ሃቭሊቼክ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ከውጭ የገባውን ኳስ ስለነጠቀ ነው። በዚህ ሰውዬው ሊወቀስ አይገባም።

የሚወቀስበት ሌላ ነው፤ ፍሪ ትሮው፣ ማለትም ፋውል ሲሠራበት ያለ ተከላካይ ከመስመሩ የሚወረውራት የአንድ ነጥብ ኳስ። በፕሌይኦፍ ዘመኑ ሁሉ ከመቶ 46.5 ብቻ ነው ያገባው። በ1968 ሰባተኛ ጨዋታ ከ15 ፍሪ ትሮው ስድስት አግብቶ ዘጠኝ ሳተ፤ በአራት ነጥብ ተሸነፉ። በ1969 ሰባተኛ ጨዋታ ከሜዳ ከስምንት ሰባቱን አግብቶ ከመስመሩ ግን ከ13 አራት ብቻ አገባ፤ በሁለት ነጥብ ተሸነፉ። ጉልበቱን ተጎድቶ ወጥቶ ልመለስ ሲል አሰልጣኙ ቡች ቫን ብሬዳ ኮልፍ አላስገባውም የሚለው ታሪክ ለብዙ ዓመት ሲወራ ኖሯል። የ13ቱ ፍሪ ትሮው ታሪክ ግን ብዙም አይወራም፤ በእኔ ሚዛን ክብደቱ የእሱ ነው።

ዊልት ለጥያቄው መልስ ያገኘው በ1967 ነው። የፊላዴልፊያ አሰልጣኙ አሌክስ ሃነም ውርወራውን እንዲቀንስና ሁለተኛው ሰው ሲመጣበት ለሃል ግሪር፣ ለቼት ዎከርና ለቢሊ ከኒንግሃም እንዲያቀብል አደረገው። በዚያ ፕሌይኦፍ አማካዩ 21.7 ነጥብ፣ 29.1 ሪባውንድና 9.0 አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ማቀበል) ሆነ። ቦስተንን አራት ለአንድ አሰናበቱት፤ በመጨረሻው ጨዋታ 29 ነጥብ፣ 36 ሪባውንድና 13 አሲስት ነበረው፣ ውጤቱም 140 ለ116። በሦስተኛው ጨዋታ የወሰደው 41 ሪባውንድ እስካሁን የፕሌይኦፍ ሪከርድ ነው። 50 ነጥብ ካገባበት ዓመት ይልቅ 22 ያገባበት ፕሌይኦፍ የበለጠ የሚያስፈራ ሴንተር አሳይቷል።

ካሪም ለጥያቄው የሰጠው መልስ አንድ ውርወራ ነበር፤ ስካይ ሁክ። 2.18 ሜትር የሆነ ሰው የግራ ትከሻውን ወደ ተከላካዩ አዙሮ፣ በግራ ክንዱ ከልሎ፣ ኳሱን በቀኝ እጁ ጫፍ ከራሱ በላይ ይለቀዋል። ኳሱና ተከላካዩ መካከል የራሱ አካል በሙሉ አለ። ብዙ የፖስት (ከሪንጉ አጠገብ ጀርባ ተሰጥቶ የሚጀመር) ውርወራ ተከላካዩ እንዲሳሳት ይጠብቃል፤ ይሄኛው የተከላካዩን ስሕተት አይፈልግም። ስለዚህ በፕሌይኦፍ ጥብቅ መከላከል ላይ አልተበላሸም፤ ከመቶ 53 አግብቷል። ፍሪ ትሮውም ከመቶ 74 ነው፤ ፋውል ሠርቶ ማምለጥ አያዋጣም። በ1974 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ሊያልቅ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው ሚልዋኪን 102 ለ101 ያሳሸነፈው ይኸው ሁክ ነው። በሰባተኛው ጨዋታ ቦስተን ሐሳቡን ቀየረና ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰው ላከበት። ከጎኑ የነበረው ኦስካር ሮበርትሰን በሥራ ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ነበር፤ ከ13 ውርወራ ሁለት አገባ። ቦስተን 102 ለ87 ወሰደው። ሁለተኛ ሰው የተላከበት ሴንተር የሚለካው በራሱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም።

1977ም እንዲሁ ነው። ወደ ሌከርስ የሄደው ካሪም በ11 ጨዋታ በአማካይ 34.6 ነጥብና 17.7 ሪባውንድ፣ ከመቶ 60.7 እያገባ፣ በፖርትላንድ አራት ለባዶ ተሸነፈ። ፖርትላንድ ያገባ ካለ ያግባ ብሎ የቀሩትን ዘጋ፤ ከጎኑ ያሉትም በጉዳት ተዳክመው ነበር። ቢል ዋልተን በዚያው ፕሌይኦፍ ነጥቡ ከካሪም እጅግ ያነሰ ሆኖ ዋንጫውን ወሰደ። በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ 20 ነጥብ፣ 23 ሪባውንድ፣ 7 አሲስትና 8 ብሎክ ነበረው። አንድ ፕሌይኦፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋልተንን ከላይ ካሉት እኩል አስቀምጠው ነበር፤ እግሩ ግን አላስኬደውም።

ስለ ካሪም ከማለፌ በፊት 1985ን ላንሣ። 38 ዓመቱ ነው። በፍጻሜው መጀመሪያ ጨዋታ ቦስተን 148 ለ114 ሲጨፈጭፋቸው 12 ነጥብና ሦስት ሪባውንድ ብቻ ነበረው፤ አበቃለት ተባለ። በሁለተኛው ጨዋታ 30 ነጥብ፣ 17 ሪባውንድ፣ 8 አሲስት። የፍጻሜው ኤምቪፒ (ምርጥ ተጫዋች) ሆነ፤ የመጀመሪያውን ካገኘ 14 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የፊላዴልፊያው ሞሰስ ማሎን በ1983 ለጥያቄው የሰጠው መልስ ቀላልና ጭካኔ የተሞላበት ነው፦ አንድም ሰው ላኩ ሁለትም፣ ኳሱ ከተሳተ በኋላ እኔ እለቅመዋለሁ። በፍጻሜው ካሪም ላይ በአማካይ 25.8 ነጥብና 18.0 ሪባውንድ፤ ካሪም በዚያ ፍጻሜ ሪባውንዱ 7.5 ነበር። ሌከርስ ጀምስ ወርዚን በጉዳት አጥተው እንደነበር መርሳት ተገቢ አይደለም፤ ቢሆንም ፊላዴልፊያ በዚያ ፕሌይኦፍ ከ13 ጨዋታ የተሸነፈው አንድ ብቻ ነው።

አሁን በእኔ አስተያየት የንግግሩ እምብርት ወደሆነው፣ ወደ ሂውስተኑ ሃኪም ኦላጁዎን እንምጣ።

የሌጎሱ ልጅ በመደበኛው ዘመን አማካዩ 21.8 ነጥብ ነው፤ በፕሌይኦፍ 25.9። ተጋጣሚው ለብቻው ተዘጋጅቶበት ከሚወርድ ይልቅ የሚጨምር ሴንተር ብርቅ ነው። ዴቪድ ሮቢንሰን ከ21.1 ወደ 18.1 ወርዷል፤ ከመቶ የሚያገባውም ከ51.8 ወደ 47.9። ፓትሪክ ዩዊንግ ከ21.0 ወደ 20.2። ምክንያቱ የልብ ድፍረት ጉዳይ አይደለም፤ ሰዎች እንዲህ ሲሉ እሰማለሁ፣ ግን የሚያስረዳው የጨዋታው ዓይነት ነው። ሮቢንሰን በመደበኛው ዘመን ከሚያገባው ብዙው የሚመጣው ከሩጫና ፊቱን ወደ ሪንግ አዙሮ ከሚያደርገው ግስጋሴ ነበር። በፕሌይኦፍ ሩጫው ይቀንሳል፣ መከላከያው ቀድሞ ቦታ ይይዛል፤ ያኔ ጀርባውን ሰጥቶ በግማሽ ሜዳ የሚሠራበት ሁለተኛ ዘዴ ያስፈልገዋል። ሮቢንሰን እዚያ ላይ ሳሳ።

የሃኪም ዘዴ ደግሞ እግሩ ውስጥ ነበር። በልጅነቱ እግር ኳስና የእጅ ኳስ ተጫውቷል። ከሪንጉ በስተግራ ጀርባውን ሰጥቶ ኳሱን ይቀበላል። ትከሻውን ወደ መሐል ያወዛውዛል፤ ተከላካዩ ክብደቱን ወደዚያ ሲያደርግ በአንድ እግሩ ላይ ተሽከርክሮ ወደ ኋላ መስመር ይዞራል። ተከላካዩ ደርሶበት ከሆነ ኳሱን ሊወረውር እንደሆነ አድርጎ ወደ ላይ ያሳያል፤ ተከላካዩ ሲዘል በሥሩ ገብቶ ያስቀምጣል። ካልዘለለ ውርወራውን ይጨርሰዋል። ነገሩ አራት እንቅስቃሴ በተርታ መደርደር አይደለም፤ እያንዳንዷ እርምጃ የተከላካዩን እግር እያየች የምትወሰን ናት። ይህን ከቤት ሆናችሁ ስትለማመዱ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ የመጀመሪያው ማታለያ ሳይታመን ሁለተኛው ይጀመራል። ትከሻው ሲወዛወዝ ኳሱም አብሮ ካልሄደ ማንም አይንቀሳቀስም።

በ1995 ሂውስተን 47 አሸንፎ 35 ተሸንፎ በምዕራቡ ስድስተኛ ሆኖ ገባ። የገጠማቸው አራቱ ቡድኖች ያሸነፉት ጨዋታ በተራ 60፣ 59፣ 62 እና 57 ነበር። በምዕራቡ ፍጻሜ ሳን አንቶኒዮ የዓመቱ ኤምቪፒ የሆነውን ሮቢንሰንን ብቻውን ሃኪም ላይ ተወው። ውጤቱ፦ ሃኪም በአማካይ 35.3 ነጥብ፣ 12.5 ሪባውንድ፣ 5.0 አሲስት፣ 4.2 ብሎክ፤ ሮቢንሰን 23.8 ነጥብ። ለምን ሁለተኛ ሰው አልላኩም? ቢልኩ ዋጋ ስለሚያስከፍላቸው ነው። አሰልጣኝ ሩዲ ቶምጃኖቪች ሃኪምን መሐል አስቀምጦ አራቱን ከውጭ ይዘረጋቸዋል። ሊጉ በ1994–95 የሦስት ነጥቡን መስመር ከ7.24 ወደ 6.71 ሜትር አቅርቦት ስለነበር ኬኒ ስሚዝና ማሪዮ ኤሊ በነጻ ሲቆሙ ኳሷ ትገባለች። የመጀመሪያውን ጨዋታ 94 ለ93 የጨረሰው ሮበርት ሆሪ ነው፤ ጠባቂው ዴኒስ ሮድማን ወደ ሪንጉ ተጠግቶ ትቶት ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ሕግ ሃኪምን ጠቅሞታል፤ ይህን ካልተናገርን ከዛሬዎቹ ጋር ማነጻጸሩ ሚዛን ይጎድለዋል። እስከ 2001 ድረስ ዞን መከላከል ክልክል ነበር። ተከላካይ ወይ ሰውዬውን ይጠብቃል ወይ ኳስ ወደያዘው ጥርግ ብሎ ይሄዳል፤ መሐል ቤት ቆሞ መጠበቅ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ ሃኪምም ማን እንደተተወ ወዲያው ያውቃል።

ከዚያ በፍጻሜው ኦርላንዶን አራት ለባዶ። ወጣቱ ሻክ በአማካይ 28.0 ነጥብ፣ 12.5 ሪባውንድና 6.3 አሲስት ነበረው፤ ሃኪም 32.8፣ 11.5 እና 5.5። ሻክ አልተዋረደም። በ1994ም ዩዊንግ በፍጻሜው 30 ብሎክ አድርጓል፤ ግን ከመቶ 36.3 ብቻ ነው ያገባው፤ ሃኪም በበኩሉ በአማካይ 26.9 ነጥብ አስቆጠረ። በስድስተኛው ጨዋታ መጨረሻ 86 ለ84 ሲሆኑ የጆን ስታርክስን ሦስት ነጥብ በጣቱ ጫፍ የነካውም እሱ ነው። ሴንተር ሆኖ ከሪንግ ሥር ወጥቶ ከሦስት ነጥብ መስመር ላይ የሚወረውርን ሰው መድረስ የቻለ ማን አለ?

ሻክ ላይ ስንደርስ ጥያቄው ይቀየራል። በ2000 ፍጻሜ ኢንዲያና ላይ በስድስት ጨዋታ 228 ነጥብ አገባ፤ በአማካይ 38.0፣ ሪባውንድ 16.7። ከሜዳ 157 ወርውሮ 96 አገባ፤ ከፍሪ ትሮው መስመር 93 ወርውሮ 36። ስሌቱን አብረን እንሥራ። ከሜዳ አንድ ውርወራው በአማካይ 1.22 ነጥብ ያመጣል። ፋውል ተሠርቶበት ሁለት ፍሪ ትሮው ሲወረውር ግን 0.77። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው መላክ ብቻ ሳይሆን ሦስተኛ አማራጭ መጣ፦ ያዘው፣ ይወርውር።

በወረቀት ላይ ይህ ትርፍ ነው። ሜዳ ላይ ግን አልሠራም። በሁለተኛው ጨዋታ 39 ፍሪ ትሮው አስወረወሩትና 18 አገባ፤ በዚያው ጨዋታ 40 ነጥብና 24 ሪባውንድ ይዞ ወጣ። ከዚያ በፊት በምዕራቡ ፍጻሜ ፖርትላንድ በመጀመሪያው ጨዋታ አራተኛ ሩብ ብቻ 25 ፍሪ ትሮው አስወርውሮት 109 ለ94 ተሸንፏል። ምክንያቱ በ0.77 ውስጥ አይታይም። አንደኛ፣ ፋውል የሚሠሩት የራሳቸው ረጃጅሞች ናቸው፤ በስድስት ፋውል ይወጣሉ። ሁለተኛ፣ ፍሪ ትሮው ሲወረወር ጨዋታው ይቆማል፤ ሌከርስ ተረጋግቶ ተመልሶ መከላከያውን ይሠራል፣ ፋውል የሚሠራው ቡድን ደግሞ የሩጫ ነጥብ አያገኝም። የሚያሸንፍበትን መሣሪያ ራሱ ያስቀምጣል። ሦስተኛ፣ የሳተውን ፍሪ ትሮው የሻክ ጓደኛ ሊለቅመው ይችላል።

በ2001 ፍጻሜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ዲከምቤ ሙቶምቦ ብቻውን ቆመበት፤ ሻክ 33.0 ነጥብና 15.8 ሪባውንድ። በ2001–02 ዞን ተፈቀደ፤ ያኔም በ2002 ፍጻሜ ኒው ጀርሲ ላይ 36.3። ሦስት ተከታታይ የፍጻሜ ኤምቪፒ። ለአንድ ፍጻሜ አንድ ሴንተር ምረጥ ብባል የ2000ውን ሻክ እመርጣለሁ፤ ለአንድ ሙሉ ፕሌይኦፍ ግን የ1995ቱን ሃኪም፤ ሃኪም በመጨረሻ ደቂቃ ፋውል ቢሠሩበት አይጎዳምና።

ሻክን ያሸነፈው ዘዴ በ2004 መጣ፤ ከ1977ቱ የፖርትላንድ ዘዴ ጋር አንድ ነው። ዲትሮይት ቤን ዎላስን ብቻውን ተወበት። 2.06 ሜትር ብቻ የሆነ ሰው! ሻክ ከመቶ 63 እያገባ በአማካይ 26.6 አስቆጠረ፤ ዲትሮይት ግን አራቱን ሌሎች ከሰዋቸው ሳይለይ ጠበቀ። ኮቢ ብራያንት ከመቶ 38 አገባ። አራት ለአንድ አለቀ። የሻክን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ሌከርስ ያሸነፈ ይመስለዋል።

የዴንቨሩ ኒኮላ ዮኪች በ2023 የመጣው ይህን ሁሉ ለመመለስ የተሠራ ይመስል ነበር። በአንድ ሰው ከያዛችሁት ያገባል፣ ሁለተኛ ከላካችሁበት ሰውዬው ገና ሲነሣ ኳሷ የተተወው ሰው እጅ ላይ ናት። በ20 ጨዋታ አማካዩ 30.0 ነጥብ፣ 13.5 ሪባውንድ፣ 9.5 አሲስት። በአንድ ፕሌይኦፍ በነጥብም በሪባውንድም በአሲስትም ድምር አንደኛ የሆነ ከእሱ በፊት የለም። በፍጻሜው ሦስተኛ ጨዋታ ማያሚ ላይ 32 ነጥብ፣ 21 ሪባውንድና 10 አሲስት ነበረው። በብሎክ ከሃኪም ጋር አይወዳደርም፤ የሪንጉን ሥር የሚጠብቀው በቦታ አያያዝና በእጅ ፍጥነት እንጂ በዝላይ አይደለም። ይህ ክፍተት በእኔ ሚዛን ከሃኪም በታች ያስቀምጠዋል።

መድኃኒቱ ግን እየተገኘ ነው፤ እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። በ2023 ምዕራብ ፍጻሜ መጀመሪያ ጨዋታ ሌከርስ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሩዊ ሃቺሙራን ዮኪች ላይ አደረገና አንተኒ ዴቪስን ነጻ አውጥቶ ከሪንጉ አጠገብ አስቀመጠው። ትንሹ ሰው ፊት ለፊት ይታገላል፣ ትልቁ ከኋላ ይጠብቃል። ሌከርስ አራት ለባዶ ቢሸነፍም ሐሳቡን ሌሎች ወሰዱት። በ2024 ሚኒሶታ ካርል አንተኒ ታውንስን ከፊት፣ ሩዲ ጎቤርን ከኋላ አድርጎ ሰባተኛውን ጨዋታ ከ20 ነጥብ ልዩነት ተነሥቶ 98 ለ90 ወሰደ። ዮኪች 34 ነጥብና 19 ሪባውንድ ነበረው።

በ2025 ኦክላሆማ ሲቲ ከዚያም አልፎ ሄደ። በሰባተኛው ጨዋታ 1.96 ሜትር የሆነውን ጋርድ (ከውጭ የሚጫወት አጠር ያለ ተጫዋች) አሌክስ ካሩሶን ዮኪች ላይ አደረገው። ካሩሶ ከኋላው አልቆመም፤ በኳሱና በዮኪች መካከል ገብቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በወገቡ እግሩን እየገፋ ኳሷ እንዳትገባለት ታገለ። በላዩ ከተወረወረ ደግሞ ቼት ሆልምግሬን ወይም አይዛያ ሃርተንስታይን ከኋላ ይደርሳል። ዛሬ ይህ በሕግ ይቻላል፤ ከኋላ የሚጠብቀው ሰው ግን ማንንም ሳይጠብቅ ከሦስት ሰከንድ በላይ ሪንጉ ሥር መቆም ስለማይችል ወጣ ገባ ይላል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሌሊት ተነሥታችሁ ስታዩ ኳሱን ትታችሁ የዚህን ሰው እግር ተከተሉ፤ ሲወጣ ነው ኳሷ መግባት ያለባት።

ዮኪች በዚያ ሰባተኛ ጨዋታ የወረወረው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አምስት አገባ፣ 20 ነጥብ። 125 ለ93 ተሸነፉ። ሁለተኛው ሰው ድሮ የሚላከው ሴንተሩ ኳስ ከያዘ በኋላ ነበር፤ አሁን ሳይዝ ይላካል። ለዚህ ዴንቨር ያለው መልስ ዮኪችን ከሪንጉ አርቆ ከፍሪ ትሮው መስመር በላይ ኳሱን እንዲቀበል ማድረግ ነው፤ እዚያ ፊቱ ላይ መቆም ትርጉም የለውም፤ ከጀርባው የሚጠብቅም አይኖርም። በዚያው ተከታታይ ግጥሚያ ዴንቨር ሦስት ጨዋታ አሸንፏል። በሰባተኛው ግን አሮን ጎርደን የተጎዳ የኋላ ጭን ጡንቻውን ይዞ ነበር የተጫወተው፤ ከውጭ የሚወረውሩትም አልቀናቸውም። ካሩሶ ከኋላው ያለው እርዳታ የሚጸናው እነዚያ ወርዋሪዎች እስከሳቱ ድረስ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።